ስለ ቀይ ቀበሮ እንዳናስተምር የተጣለው እገዳ ይነሣ፤ ለውሾቹም ቃል የተገባው ክትባት ይምጣ

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለወረዳችን እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት
ለወረዳችን አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በበጎ ፈቃድ ስንሰጠው የነበረው ትምህርት መታገዱንና የውሻ ክትባት መቅረቱን ይመለከታል

ክቡራን የጽሕፈት ቤቶቹ ኃላፊዎች፣

የአክብሮት ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በወሎ ደጋ ካሉት የወረዳችን ቀበሌዎች የተሰባሰብን አሥራ አራት በጎ ፈቃደኞች ነን። ከመካከላችን መምህራን አሉ፤ ዲያቆን አለ፤ በመስጊድ ልጆች የሚያስቀራ ወንድም አለ፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ እርሻ የተመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ሲጠብቁ የኖሩ ሁለት አባቶችም አሉ። ስድስት ዓመት ያለ አበል፣ በክበባት ሰዓት በትምህርት ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ በገበያ ቀንም በገበያው ዳር፣ ስለ ቀይ ቀበሮና ቀበሮው ስለሚኖርበት የውርጭ ምድር ስናስተምር ቆይተናል።

ባለፈው ጥር ለርእሳነ መምህራን በተላከ የሦስት መስመር ደብዳቤ፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ በሰልፍም ሆነ በክበባት ሰዓት ገብቶ እንዳያስተምር ታገደ። ደብዳቤው ለእኛ አልተጻፈም፤ ግልባጭም አልደረሰንም። ነገሩን የሰማነው አንዱ ባልደረባችን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ከዘበኛው ነው። በእጁ የያዘው በልጆቹ የተሣለ የቀበሮ ቤተሰብ ሥዕል ነበር፤ ጠቅልሎ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤት መጥተን በቃል ጠየቅን። አንድ ጊዜ «ከበላይ የመጣ ነው» ተባልን፤ ሁለት ጊዜ «ይታያል» ተባልን። ዘመኑ የሰላም ዘመን አለመሆኑን፣ ጽሕፈት ቤቶቻችሁም በብዙ ጭንቅ ተይዘው እንደሚሠሩ እናውቃለን። ነገር ግን አራት ወር አልፎ መልስ ስላላገኘን፣ ሕዝቡም «የት ጠፋችሁ?» እያለ ስለሚጠይቀን፣ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

በአንድ ስብሰባ ላይ «ሕዝቡ ከበጉ አውሬውን እንዲወድ የሚቀሰቅሱ» ተብለን ስለተነሣን፣ ቅሬታችንን ከመናገራችን በፊት የምናስተምረውን እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። በመካነ እንስሳት ተይዞ የሚራባም የለምና ከተራራችን ከጠፋ ከሌላ አምጥቶ መተካት አይቻልም። በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎች ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ እና በእኛ በወሎ ደጋዎች በእርሻ ተከበው ይኖራሉ። ተራራው ከተራራው ስለተቆራረጠ እዚህ የሞተውን ከዚያ መጥቶ የሚተካው የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ድሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። ይህን ስንነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «እኛ ጋስ ስንት አሉ?» ይላል። በየሸንተረሩ የምናውቃቸውን ቤተሰቦች እየጠራን እንቆጥርላቸዋለን። ቁጥሩ ከክፍላቸው ተማሪ ያነሰ መሆኑን ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ። ያንን ጸጥታ አንድ ጊዜ መጥታችሁ ብትሰሙት ብለን ብዙ ጊዜ ተመኝተናል።

ምን እንደሚበላ እናስተምራለን። ቀን ለብቻው ወጥቶ የሚያድነው አይጥና ፍልፈል ነው፤ በባሌ በተደረገ ጥናት ከሚይዘው ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ማለዳና ማታ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ድንበሩን አብሮ ይዞራል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዲት ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ትወልዳለች። ሌሎቹ የዋጡትን ከጉሮሯቸው እያወጡ ቡችሎቿን ይመግባሉ። በአክስቱ እጅ ላደገ ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ ጭላዳዎቹ እንደማይሸሹት እረኞቻችን ከጥንት ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመንዝ ጓሳ የወጣ ጥናት ደግሞ የእረኞቹን ነገር በቁጥር አስደገፈው። ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በባሌ ቀበሮዎች በደጋ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ቀይና ቢጫ አበባ ማር ሲልሱ መታየታቸው ታትሞ ወጣ። ይህን ለአራተኛ ክፍል ልጆች የነገርናቸው ቀን ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እነርሱም እረኝነት ሲውሉ ያንኑ አበባ ይመጥጣሉና።

ጠቦት አይነካም ብለን ግን አናስተምርም። አልፎ አልፎ ይወስዳል። አንዲት እናት በጉም ውስጥ ያለ ጠባቂ የተተወች ጠቦቷን ወስዶባት በስብሰባ መካከል ተነሥታ «ልጆቼን በምን ላብላ?» ብላ ጠየቀችን። ውሸት መልሰንላት ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አትሰማንም ነበር። የዚያን ቀን የተነጋገርነው ስለ ጠቦት አጠባበቅ ነው፤ በጉም ቀን ከበረት እንዳይወጡ፣ ሕፃን ብቻውን እንዳይጠብቅ። ዛሬ በመንደሯ ሌሎች ሴቶችን የምትመክረው እርሷ ናት።

ወደ ቅሬታችን እንግባ።

መጀመሪያው እገዳው ራሱ ነው። የአካባቢያችን እረኞች የእናንተ ተማሪዎች ናቸው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ተራራ ይውላሉ። የቀበሮው ጉድጓድ የት እንዳለ የሚያውቁ፣ ውሾቹን ይዘው የሚወጡ፣ ድንጋይ የሚወረውሩም ሆነ የሚተዉ እነርሱ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ሦስት ልጆች ጉድጓድ አግኝተው አፉን በድንጋይ ደፈኑት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ጨዋታ ነበር። በዚያው ሳምንት በሰልፍ ላይ ስለ ቡችሎቹ ስናስተምር አንደኛው ማልቀስ ጀመረ። ከሰልፉ በኋላ ሦስቱም መጡና ነገሩን፤ አብረናቸው ወጣንና ድንጋዩን አነሣን። እናትዬዋ በሌላ በኩል መውጫ ነበራትና ቡችሎቿ ተርፈዋል። በቀጣዩ ዓመት እነዚያው ልጆች በወሊድ ወራት ውሻ ወደዚያ ሸንተረር እንዳይወጣ የእረኞች ስምምነት አስደረጉ። ይህን ያዘዛቸው ሰው አልነበረም።

እገዳው ከመጣ በኋላ፣ ባለፈው የካቲት፣ በዚያው ሸንተረር ሁለት ቡችሎች በውሻ ተነክሰው ሞተው ተገኙ። ውሾቹ የአዳዲስ እረኞች ነበሩ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል የገቡ፣ እኛ ያላገኘናቸው ልጆች። እገዳው ባይኖር አይሞቱም ነበር ብለን አንምልም። ልጆቹን ግን አግኝተናቸው በሆነ ነበር። እረኛ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ትልቁ ወደ ከተማ ይሄድና ታናሹ ዱላውን ይረከባል። አንድ ዓመት ትምህርቱ ሲቋረጥ የሚቋረጠው ይህ ሰንሰለት ነው።

ለጥንቃቄ ብላችሁ ከሆነ ይገባናል። ወላጅ ልጁን አምኖ የላከው ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ማን ገብቶ ምን እንደሚናገር ማወቅ ኃላፊነታችሁ ነው። መታወቂያችንን፣ የምናስተምርበትን ጽሑፍ፣ የእያንዳንዳችንን የቀበሌ የምስክር ደብዳቤ ብትጠይቁን በማግስቱ እናመጣለን። አልጠየቃችሁንም። ቅር ያሰኘን ይህ ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚያንገበግበን የውሻው ክትባት ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን።

ቀይ ቀበሮን በአንድ ወቅት ሊጨርሰው የሚችለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቤተሰቡ ሲገናኝ ስለሚላላስና አብሮ ስለሚተኛ በሽታው አንዱን ከያዘ ለሁሉም ይደርሳል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ብዙ ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ተመልሶ መጥቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ከዚያም በኋላ ተመላልሷል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል። የበሽታው ምንጭ ግን ውሻው ነው፤ ውሻው ካልተከተበ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። ያው ውሻ ማታ ቤታችን ደጃፍ የሚተኛው፣ ልጆቻችን የሚያቅፉት ነው። ስለዚህ ስለ ቀበሮ ስናስተምር ስለ ሰውም እያስተማርን ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እንዲያጥብ፣ ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ፣ ይህን ሁሉ በየእድሩ ተናግረናል።

የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ክትባት እንደሚመጣ በነገረን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከ100 ውሻ 70ው ካልተከተበ በሽታው መዞሩን እንደማያቆም ስለምናውቅ በአራት ቀበሌ ቤት ለቤት ዞረን መዘገብን። የባለቤቱን ስም፣ የውሻውን ስም፣ ቀለሙን ሳይቀር ጻፍን። ሰዉ መጀመሪያ አላመነንም። «መርፌው ውሻውን ያፈዘዋል፤ ሌባ አይከላከልም» የሚሉ ነበሩ፤ «ነገ ግብር ሊያስከፍሉበት ነው የመዘገቡት» የሚሉም ነበሩ። ደጋግመን ሄድን። የእድር ዳኞችን፣ ቄሱንና ሼኹን ለመንን፤ እነርሱም የራሳቸውን ውሾች በመጀመሪያ እንደሚያመጡ ለሕዝቡ ቃል ገቡልን። በዚህ ዓይነት ሁለት ወር ሙሉ ሠርተን ቀኑ በኅዳር ቅዳሜ እንዲሆን ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ተስማማን።

ያን ቅዳሜ ሰዉ ገና ውርጩ ሳይለቅ መጣ። ሦስት ሰዓት መንገድ የመጡ ነበሩ። ውሾቹን በገመድ ስበው፣ አፋቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቡሬው በየዛፉ ሥር ታሰረ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አይተን አናውቅም። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትር ሆነ። ስልክ ደወልን፤ አልተነሣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ውሾች ገመድ በጥሰው ተያያዙ፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታላቅ ወንድሟ ሊገላግል ሲገባ እርሷም ተከትላ እጇን ተነከሰች። መኪናው አልመጣም። የሚመጣ አለመሆኑንም የነገረን አልነበረም።

ልጅቱን ቁስሏን አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ክትባቱ እዚያ ስላልነበረ ወደ ከተማ ሆስፒታል ተላከች፤ ለመጓጓዣና ለመመላለሻ አባቷ ሁለት በግ ሸጠ። ዛሬ ደኅና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባቷ ግን የጠራነው እኛ ስለሆንን ፊቱን ያዞረው ከእኛ ነው፤ አንፈርድበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሞተር ወደ አንዱ ቀበሌ መጥቶ በመንገድ ዳር ያገኛቸውን ጥቂት ውሾች ወግቶ ሄደ። ለእኛ አልተነገረንም፤ መዝገባችንም አልተፈለገም። በባለሙያው ላይ ቅሬታ የለንም፤ አንድ ሞተርና አንድ የበረዶ ሳጥን ይዞ ወረዳ የሚያዳርስ ሰው ነው። ነገር ግን በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሥራው እንደተጠናቀቀ ተጽፎ አየን። ያን ጊዜ እንደገና ሰው ለመጥራት ሞከርን። ከዚያ ሁሉ ሰው የመጡት ስድስት ናቸው። የሦስት ሰዓቱን መንገድ የመጡት አባት በራቸው ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት አንተን አምኜ ነው። አንተ ማንን አምነህ ጠራኸኝ?» ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጸሐፊ እኔ ነኝና መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እናንተ ብትመልሱላቸው እወዳለሁ።

ሦስተኛው በወረዳው መግቢያና በሁለት ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ነው። የተለጠፈው ለበጎ መሆኑን አንጠራጠርም። ሥዕሉ ግን የእኛ ቀበሮ አይደለም፤ በረዶ ላይ የቆመ ግራጫ የፈረንጅ አገር ተኩላ ነው። ጽሑፉም «ተኩላን እንጠብቅ» ይላል። ለከተማ ሰው ይህ ትንሽ ስሕተት ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ተኩላ ማለት በግ ነጣቂ ነው፤ በወንጌል የበግ ለምድ የሚለብሰው፣ በእናቶቻችን ተረት ልጅ የሚሰርቀው ነው። ቀይ ቀበሮ ሌላ ነው፤ ረጅም ቀጭን አፍ፣ ረጃጅም እግር፣ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራ ያለው አይጥ አዳኝ። ከተራው ቀበሮ ለይተው እንዲያውቁት ስንት ዓመት ደከምን፤ ጠቦት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ተራው ቀበሮ ወይም ጅቡ ሆኖ ሳለ የሚረገመው ቀዩ ነበርና። ፖስተሩ በተለጠፈ በሳምንቱ አንድ ገበሬ በገበያ መካከል «በጌን የሚበላውን ተኩላ ጠብቁ ትሉኛላችሁ ወይ?» ብሎ ጮኸብን። ከመታተሙ በፊት ከእኛ አንዱ እንኳ ቢያየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይስተካከል ነበር።

አራተኛው የችግኝ ተከላው ቦታ ነው። ችግኝ መትከልን የሚቃወም ከመካከላችን የለም፤ በየግቢያችን የተከልነው ይመስክር። ባለፈው ክረምት ግን ተማሪዎቹ ተሰልፈው ወደ ላይኛው የሣር ሜዳ፣ ጅብራው ወዳለበት ወጥተው ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ተደረገ። በዕቅዱ ላይ ቦታው «የተራቆተ መሬት» ተብሏል። የተራቆተ አይደለም። ከጥንትም ዛፍ ያልነበረበት የደጋ ሣር ነው፤ ሣሩ ውኃውን ይዞ በበጋ ለምንጮቻችን ይለቃል፤ ከሥሩ አይጡና ፍልፈሉ ይኖራል፤ በዚያ ላይ ቀበሮው ይኖራል። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ መለወጡን ሳስብ፣ የቀረንን ሜዳ በልጆቻችን እጅ ስናስቆፍር ማየት ይከብደኛል። ችግኞቹን የጥቅምት ውርጭ ፈጃቸው። ጉድጓዶቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ ሁለት በግ እግሩን ሰብሮባቸዋል።

የደጋ ሣር እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰዎች ጓሳን ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፍቱና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዱታል፤ ድንበር ያለፈውን ይቀጣሉ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቆየው ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ በክልል ሕግም ታውቆለታል። ዛሬ እዚያ ጭላዳውም ቀበሮውም አለ። ከእኛ ሽማግሌዎች ሁለቱ «የእኛም ሜዳ እንዲያ መዘጋት አለበት» ብለው ለቀበሌ ሸንጎ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሐሳባቸው እየተጠበቀ ሳለ ነው ቁፋሮው የመጣው።

ሌላም አለ፤ ባጭሩ እንለፈው። እኛ ያስተማርናቸው ሰዎች ቁጥር በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሆኖ ቀርቧል። ምስጋና አንፈልግም። ነገር ግን በሪፖርት የእናንተ የሆነ ትምህርት በር ላይ ሲደርስ እንዴት ሕገ ወጥ እንደሚሆን ሊገባን አልቻለም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፦ እገዳው ይነሣልን፤ የማይነሣ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ምን ማሟላት እንዳለብን ይነገረን። ስናስተምር መምህር አብሮን እንዲቀመጥ፣ ጽሑፋችን አስቀድሞ እንዲታይ ፈቃደኞች ነን። ቡችሎች የሚወለዱት ከጥቅምት ጀምሮ ነውና ከመስከረም የትምህርት መክፈቻ በፊት መልስ እንድናገኝ እንለምናለን።

ለእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ፦ የውሻ ክትባት ቀን ክረምቱ እንደወጣ ይቆረጥ። ክትባቱ ወረዳው ድረስ መግባቱ ሳይረጋገጥ ግን ለሕዝብ አይነገር። መዝገቡ በእጃችን አለ፤ ውሰዱት፤ በየቀበሌው ከባለሙያው ጋር እየዞርን ውሻ የምንይዘው እኛ ነን። ከዚያ በፊት ግን ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊ መጥቶ ያን ቅዳሜ ለተጉላላው ሕዝብ በእድር ስብሰባ ላይ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ የተነከሰችው ልጅ አባትም ያወጣው ወጪ እንዲታሰብለት አጥብቀን እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ እኛ ብንጠራም ማንም አይመጣም።

ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ፦ ፖስተሩ ይነሣና በቀይ ቀበሮ ሥዕል ይተካ። ባልደረባችን በስልኩ ያነሣው ጥሩ ፎቶግራፍ አለ፤ ጽሑፉንም አዘጋጅተናል፤ ዋጋ አንጠይቅም። የዘንድሮው የተከላ ቦታ ከመወሰኑ በፊት አንድ ቀን ከሽማግሌዎቻችን ጋር ወደ ሜዳው ውጡ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ብንነሣ ቀበሮው ድንበሩን ሲዞር ልታዩት ትችላላችሁ። የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ለመድፈን ደግሞ ፈቃድ ብቻ ስጡን፤ አካፋው የራሳችን ነው።

ሦስቱም ጽሕፈት ቤቶች በአንድነት የሚያነጋግሩን አንድ ቀን ይቆረጥልን። በተባልንበት ሰዓት፣ በእግርም ቢሆን፣ እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀይ ቀበሮ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ስብስብ ጸሐፊ
በአሥራ አራቱ አባላት ስም

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት
ለአራቱ ቀበሌዎች የእድር ዳኞች